ፍርስራሹን ጠጠር ያደረጉት የእትዬ ጠጠር የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ እህታችን፣ በሥራ ባልደረቦቻቸው አጠራር እትዬ ጠጠር፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አባታችን በእጃቸው በገነቧት ባለሁለት ክፍል ቤት ነው። ትምህርታቸውን ሲጨርሱ በሕንፃ ሥራ ሙያ ሠልጥነው፣ በ1973 ዓ.ም. በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት የኮንክሪት መፈተሻ ክፍል ተቀጠሩ።

በ1976 ዓ.ም. ከገልባጭ መኪና ሹፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ሳቂታ፣ እሳቸው ቁጥብ ነበሩ፤ ጎረቤት "ውኃና ሲሚንቶ" ይላቸው ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ክረምት ቤታቸው ጨለመ። ባለቤታቸው ከፈረሱ ሕንፃዎች የጫኑትን ፍርስራሽ ወንዝ ዳር ባለው ክምር ላይ ሊደፉ ወደ ኋላ ሲጠጉ፣ ዝናብ ያራሰው ጠርዝ ተደርምሶ ከነመኪናቸው ይዟቸው ወረደ። ከቀብሩ ማግስት ሌሎች መኪኖች እዚያው ሲደፉ ዋሉ። እህታችን ይህን አይተው፣ "ነገ ደግሞ የማንን አባት ሊወስድ ነው?" አሉ።

በዓመቱ ሥራቸውን ለቀው ከወንድማችን ጋር አንድ አሮጌ የድንጋይ መፍጫ ከክምሩ ማዶ ተከሉ። ብረቱን ከኮንክሪቱ፣ እንጨቱንና ጂፕሰሙን ከጡቡ እየለዩ፣ እየፈጩና በወንፊት እየነፉ በየመጠኑ ጠጠር ያወጡ ጀመር። ግንበኞች ግን "የሞተ ድንጋይ" ብለው ዞር ብለው አላዩትም። እሳቸውም "ድንጋይ አይሞትም፤ የሚሞት ሰው ነው" ብለው በመጀመሪያ የራሳቸውን ቤት ወለል በዚያው ጠጠር ሠሩ።

ነገሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ጂፕሰም ሳይለይ የቀረበት ጠጠር የአንዲት ባልቴት ጎረቤታችንን ወለል ሰነጠቀ። እህታችን መዶሻቸውን ይዘው ሄደው ወለሉን ራሳቸው አፈረሱ፤ እንደ አዲስ እስኪሠራም ባልቴቷን ቤታቸው አስቀመጡ። ባልቴቷ የእህታችን ቤት ስለተስማማቸው፣ ወለሉ ደርቆ እንኳ "ትንሽ ይጠንክር" እያሉ ከርመዋል።

ቀስ በቀስ ጠጠራቸው ለመንገድ፣ ለብሎኬትና ለወለል ተፈላጊ ሆነ። ለፎቅ ምሰሶ ሲጠየቁ ግን "ለዚህ አልፈተንኩትም" ብለው ይመልሱ ነበር። በትልቋ ልጃቸው ሠርግ ዕለት ሙሽራዋን መኪና ውስጥ ትተው የሚፈርስ ሕንፃ ሊያዩ መውረዳቸው እስከ ዛሬ ያስቃል። እናትም አባትም ሆነው ሦስቱንም ልጆች ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በ2004 ዓ.ም. ያ ክምር ተፈጭቶ አለቀ። ሠራተኞቹ ሲያጨበጭቡ እሳቸው ባዶው መሬት ላይ ቆመው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። በባለቤታቸው ቀብር ያላየነውን እንባ ያን ቀን አየነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ አፍንጫቸውን በሻሽ ብቻ ሸፍነው የዋሉበት አቧራ ግን ሳንባቸው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሐኪም ይህን በነገራቸው ማግስት በመፍጫው ላይ ውኃ መርጫ አስገጠሙ፤ ጭምብል ያላደረገ ሠራተኛ ካዩም መፍጫውን ያስቆሙ ነበር። "የኔስ አንዴ ሆነ፤ እናንተ ሳንባችሁን አትስጡት" ይሏቸው ነበር።

ያለፉትን ሁለት ዓመታት ከኦክስጅን ሳይለዩ ኖሩ። የመፍጫው ድምፅ እስከ መኝታ ክፍላቸው ይሰማ ስለነበር፣ በመጨረሻው ሳምንት ሠራተኞቹ እሳቸው እንዲያርፉ ብለው አጠፉት። ዝምታው አባነናቸው።

"ማን ተጎዳ?" አሉ።

"ማንም አልተጎዳም እትዬ፤ ሠራተኞቹ እርስዎ እንዲተኙ ብለው ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያው ያስነሡት። እሱ ሲሠራ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።"

አስነሡት፤ እሳቸውም ተኙ።

ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ወንድማቸው፣ ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸውና እንደ ልጅ ያሳደጓቸው ሠራተኞቻቸው ያለ እሳቸው ቀርተናል።

ለሌላው መቆሚያ ሲያበጁ የኖሩትን እህታችንን አምላክ ደልዳላ የዕረፍት ስፍራ ይስጥልን፤ ሲናፍቋቸው ከኖሩት ባለቤታቸው ጋር ያገናኝልን፤ ለእኛም ጽናቱን ይላክልን።