ቀን ያልተጻፈላቸው ሠላሳ ስምንት

የካቲት 4

...ከዚያ እህቴ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «አንተ ፊትህ የሚበራው ሰው ስትንቅ ነው» አለችኝ። ምን ብዬ መለስኩላት? ጠፋኝ። ለምን ዛሬ ትዝ አለኝ?

ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሜ ስለዋልኩ ይሆናል። ሰውዬው የቀለም ማከፋፈያ ይመራል፤ ከቀለም ግን የሚያውቀው የክራባቱን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ኢንቮይስ፣ ማለትም የዱቤ ሽያጭ ሰነድ፣ መከፈል ያለበት መቼ እንደሆነ በአንድ ዝርዝር ይውጣልኝ አለ። ቀላል ነገር። አንዱ ሠንጠረዥ ላይ ኢንቮይሱና የወጣበት ቀን አለ፤ ሌላው ላይ ለየደንበኛው ለመክፈል የተፈቀደው የቀን ብዛት። ሁለቱን በደንበኛው ቁጥር ማገናኘት፣ መደመር። አለቀ።

«ኮምፒውተሩ ራሱ ያውቀዋል ማለት ነው?»

ካንተ የተሻለ ያውቃል... አላልኩም።

የካቲት 6

እትዬ ካርድ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የደንበኞችን ውል በእጇ ካርድ ላይ ስትጽፍ የኖረች ሴት። መነጽሯ በክር የታሰረ።

«ልጄ፣ የአንዳንዶቹ የመክፈያ ቀን እኮ ካርዱ ላይ ብቻ ነው ያለው።»

«እትዬ፣ ማሽን አይረሳም።»

«እሱስ አይረሳም። ያልነገሩትን ከየት ያመጣዋል?»

ሳቅኩባት።

የካቲት 9

ዝርዝሩ ወጣ። 1,204 መስመር። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ፤ ብቻውን። እዚያው እትዬን «እንግዲህ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ይረፉ» አላት። ይረፉ! ስጦታ የሰጣት ይመስል። እሷ ዝርዝሩን ለመነችውና እርሳስ ይዛ ጥግ ተቀመጠች።

የካቲት 13

«ሠላሳ ስምንት ይጎድላል» አለች።

በጣት ቆጥራ! ደስ ይበላት ብዬ የኢንቮይሱን ሠንጠረዥ ለብቻው ቆጠርኩ። 1,242።

ሠላሳ ስምንት።

ቀን ያልተመዘገበላቸው ደንበኞች በሌላኛው ሠንጠረዥ ላይ የሉም። ጥንድ ያጣ መስመር ደግሞ ዝም ብሎ ይወድቃል። አይጮህም። ማገናኛው ላይ አንድ ቃል ብቀይር ኖሮ አይወድቁም ነበር፤ ጀማሪ የሚያውቀው ነገር። የማን ስህተት ነው? የኔ።

«ለሥራ አስኪያጁ አንተ ንገረው፣ የኔ ልጅ። እኔ ብነግረው ለወንበሯ ብላ ነው ይላል። ካርዱ እንደሚያስፈልግ ካወቀ ግን አያባርረኝም።»

«እነግረዋለሁ።»

የካቲት 14

አልነገርኩም። ነገ።

የካቲት 17

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። አፌን ሳልከፍት «የክፍሉ ኃላፊ ላደርግህ አስቤያለሁ፤ ስህተት የማያውቅ ሰው ነው የምፈልገው» አለኝ። እንዴት ያለ ደደብ ነው! ስህተት የማያውቅ... አመስግኜ ወጣሁ።

የካቲት 19

እሷ ካርዶቹን እያነበበች እኔ እየጻፍኩ ዋልን።

«ይሄ እንዳራገፈ ነው የሚከፍለው፤ ዜሮ በለው። ይሄኛው አርባ አምስት። ሚስቱ ታማ ስትተኛ ጨመርንለት፤ ከዳነች በኋላ የሚቀንስለት ጠፋ።» ሳቀች። «ቀለም ቀቢው ስድሳ፤ ግን ቀድሞ ይከፍላል። ሞኝ ነው፣ ደግ ሞኝ።»

ለሥራ አስኪያጁ ላሳየው የማዘጋጀው መስሏታል። መስኮቱ ሥር ያለውን የፀሐዩን ወንበር ለቀቀችልኝ። ለምን አላስቆምኳትም?

ሠላሳ ስምንቱም ገቡ።

የካቲት 20

1,242። ምንም አይጎድልም። ካርዱ ከእንግዲህ ለማንም አያስፈልግም።

ያን ክራባታም ስንቀው ኖርኩ። እሱስ የሚያደርገውን አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ።

የካቲት 30

አዲሱ ቢሮዬ መጡ፣ እትዬ። ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ነገርከው አይደል?»

«አዎ እትዬ።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ከበላይ የመጣ ነው... አለ።»

«አንተማ የምትችለውን አደረግህ» አሉ። ጎንበስ በል አሉኝና ግንባሬን ሳሙኝ። ከንፈራቸው ደረቅ ነው።

«እትዬ...» ብዬ ጀመርኩ።

በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።