በስምንተኛው ቀን ምላጭ ያስቀሩት እናት፦ ወ/ሮ ጽጌሬዳ ተፈራ (1966–2017 ዓ.ም.)

ወ/ሮ ጽጌሬዳ ከአባታቸው ከአቶ ተፈራ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ተዋበች ደበበ ኅዳር 6 ቀን 1966 ዓ.ም. በሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ተወለዱ። ከእርሳቸው በፊት የተወለዱት ሁለት ወንድሞቻቸው በስምንተኛ ቀናቸው ተገርዘው ደማቸው ሳይቆም ሞተዋል። የእናታቸው እህትም በወለዱ በሰባተኛው ቀን ደም ፈሷቸው አርፈዋል። ዘመድ “ቡዳ ነው” አለ፤ የሴቶቹ ትዳር እንዳይበላሽ ተብሎም ነገሩ ተዳፈነ። ቡዳ አልነበረም። በዘር የሚተላለፍ፣ ስም ያለው፣ ጥንቃቄም ያለው በሽታ ነበር። ዛሬም “ይህ አይጻፍ” ያሉን አሉ። ጽፈነዋል።

ትምህርታቸውን እዚሁ ሀዋሳ አጠናቀው ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት አገልግለዋል። በ1992 ዓ.ም. ከአቶ ሰለሞን ጋር ትዳር መሠረቱ።

በ1994 ዓ.ም. እንዳረገዙ ሥራቸው ያስተማራቸውን አደረጉ፤ ፋይል ከፈቱ። ዘመድ ቤት እየዞሩ ማን እንደደማ፣ ስንት ቀን እንደደማ፣ የማን ልጅ እንደነበር ጻፉ። የመጀመሪያው ሐኪም ፋይሉን ሳይገልጡ “ጤነኛ ነሽ” ብለው ሸኟቸው። ሁለተኛዋ ሐኪም አነበቡት። ደማቸው አዲስ አበባ ተልኮ ሲመረመር ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሂሞፊሊያ የተባለ በሽታ ከእናታቸው እንደወረሱ፣ የራሳቸውም ደም ቶሎ እንደማይረጋ ታወቀ። ሐኪሟ ቤት እንዳይወልዱ፣ በወሊድ ጊዜ ደም ተዘጋጅቶ እንዲጠብቃቸው፣ ሕፃኑ በመሣሪያ እንዳይሳብ፣ ከወለዱ በኋላም ለሳምንታት ክትትል እንዳያቋርጡ አዘዙ። ወ/ሮ ጽጌሬዳ አንዱንም አላጎደሉም። በ1995 ዓ.ም. መስከረም ናሆም በሰላም ተወለደ፤ ከእትብቱም ደም ተወስዶ ለምርመራ ተላከ።

ውጤቱ ሳይመጣ ስምንተኛው ቀን ደረሰ። አማታቸው ወ/ሮ እታፈራሁ ገራዡን አቶ ገብረጻድቅን አስከትለው መጡ። ወ/ሮ ጽጌሬዳ ልጁን አቅፈው አልሰጥም አሉ።

“አንቺ፣ ወረቀት ነው ወይስ ልጅ የወለድሽው?” አሉ አማታቸው።

“እማማ፣ ይቀየሙኝ። የዚህ ልጅ ደም ሳይታወቅ ምላጭ አይነካውም።”

ወ/ሮ እታፈራሁ ተቆጥተው ወጡ፤ ለቀናትም ደጁን አልረገጡም። ውጤቱ መጣ፤ ናሆም በሽታው አለበት። አማት ይቅርታ አልጠየቁም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ነፍሰ ጡር ባዩ ቁጥር “በእናትሽ ወገን ደም የማይቆምለት አለ?” ሳይሉ አያልፉም ነበር። አቶ ገብረጻድቅም ይህን ሳይጠይቁ ምላጭ አንስተው አያውቁም።

በ1999 ዓ.ም. ሴት ልጃቸው ፍሬሕይወት በዚያው ጥንቃቄ ተወለደች።

ወ/ሮ ጽጌሬዳ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ቡዳ በላቸው የሚል ካለ፣ ይህን የሕይወት ታሪክ ቆሞ የሚያነብላችሁን የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ይመልከት፤ ናሆም ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ላለቀስን ሁሉ መጽናናቱን ይስጠን።