ቲቸር ቀመሪያ ያስለመዷቸው ጣቶች

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዲንሳ፤
ሐዋሳ

ወንድም ጋሼ፣ ሥራው እንዴት ይዞሃል? እኔና ልጄ ሌንሳ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

መስማት የተሳነንን ልጆች ያስተማሩን ቲቸር ቀመሪያ ባለፈው ወር አረፉ። መጀመሪያ ትምህርት ቤት ያደረስከኝ ቀን፣ ትተኸኝ መሄድ አቅቶህ ስታለቅስ ያባበሉህ እሳቸው ናቸው።

ለለቅሶ ሀና ማርያም ሰፈር ቤታቸው ተሰበሰብን። በልጅነታችን የሠራነው ዶቃና ሹራብ ሁሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የተጣመመውን እንኳ አልጣሉትም። አብሮን የተማረው አብደላ የድሮ ጥፋታችንን በምልክት ሲያወራ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ እጁ በደንብ ስላልታየኝ የሳቅሁት ዘግይቼ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችውን የክፍል ጓደኛችንን ፌኔትን «መብራቱ ደካማ ነው» ብላት፣ «ኧረ ደህና ነው» አለችኝ።

ቲቸር ሹራብ አሠራሩን ካሳዩን በኋላ ዓይናችንን በሻርፕ ያስሩና እንድንቀጥል ያደርጉን ነበር። «ጣታችሁ ይወቀው» ይሉናል። ያኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ሹራብ ባነሳሁ ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ። ጋርመንት ሰፈር ያለችው የሹራብ ሱቄ አልተዘጋችም። መርፌው ላይ ክር የምታስገባልኝ ሌንሳ ናት፤ የቀረውን እጄ ያውቀዋል።

ትናንት አመሻሽ ላይ ሌንሳ ፊት ለፊቴ ቆማ በምልክት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ደጋግማ ብትነግረኝም አልገባኝም። አልተቆጣችም፤ እጄን ሳብ አድርጋ መዳፌ ላይ በጣቷ ጻፈችልኝ፦ «አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው?»

ለገና ና፣ ወንድሜ። ስትመጣ በቀን ግባ፤ ፊትህን በደንብ ልየው።

ሰላምና ጤና አይለይህ።

እህትህ ሶሬቲ