የአያቴ ግማሽ መጽሐፍ

ሐሙስ

ወደቀብኝ። እናቴ «እሑድ የማኅበር ተራችን ነው፣ ቤቱን አራግፊ» አለችኝ እንጂ «የአያትሽን መጽሐፍ ጣይ» አላለችኝም። ከነማኅደሩ፣ ከነመስቀያው፣ ዱብ!

መጽሐፉ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ከአባ ራስጌ ተሰቅሎ ይኖራል። አባ የምለው አያቴን ነው። ቄስ ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ግን ፊደል አይለዩም። መንደሩ በሙሉ መጽሐፉን ይሳለመዋል። ሆዱን የቆረጠው ልጅ ሁሉ በእሱ ይታሻል። የጻድቅ ተአምር ነው አሉ። ገልጦ ያየም አባን የጠየቀም ግን የለም፤ ቆዳውን መሳም ከበቃ ማን ይደክማል?

እኔ ገለጥኩት። ጢስና ሰም ይሸታል። ቀይ ቀለሙ ትናንት የተጻፈ ይመስላል። ግዕዝ ማንበብ እችላለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ጮክ ብዬ ስጀምር አባ ከመደቡ ላይ ቀና አሉ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ድገሚው እስቲ።»

ደገምኩት። ቀስ እያሉ ወደ አማርኛ መለሱት፦ ስለ ሆዳምነት ነው! ጠግቦ የሚጨምር ሰው ሆዱን ቢያመው ሰይጣንን አይውቀስ፣ ይላል። ተአምር ሳይሆን የቁጣ ተግሣጽ! እነዚያ ሁሉ ልጆች የታሹት በዚህ ነው። መዳናቸው አይገርምም። ሳቄን ለማፈን መጥረጊያውን ነከስኩ።

ዓርብ

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባ ጥምጥማቸውን አሳምረው ተቀምጠዋል። ጳጳስ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። የሚጠብቁት እኔን ነው።

እኔ የማይገባኝን አነባለሁ፣ እሳቸው የማያዩት ይገባቸዋል። ሁለታችን ተደምረን አንድ የተማረ ሰው ወጣን። ስለ ምላስ፣ ስለ ትዕቢት፣ ስለ ስንፍና (ይቺን በሩጫ አለፍኳት)። ውጭ አቧራው ጋራዎቹን ውጦ ሰቆጣ ደመና ላይ የተቀመጠች ትመስላለች። የአባ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። ዓይኔን ጨፍኜ ባዳምጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው የሚያወራው።

«በአምደወርቅ በኩል ተማሪ ሳለን ነው የገለበጥነው፤» አሉ። «አንድ ገጽ እኔ፣ አንድ ገጽ ካሳ። ስንለያይ ለሁለት ከፈልነው። ፊተኛው ለኔ፣ ኋለኛው ለ...»

ሳል መጣባቸው።

መሪጌታ ካሳ! ይህ ስም ከጥምቀት ወዲህ ቤታችን ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። ያን ቀን አባ በማኅሌት መሃል የልደትን ዜማ አነሡ። መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መትተው «የዛሬው አይደለም!» ብለው ጮኹ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ «ያ ሰውዬ» ይባባላሉ። አባ ሲብስባቸው በኽምጣንጋ ነው የሚሳደቡት፤ እግዜር አማርኛ ብቻ የሚሰማ ይመስል።

አሁን የማኅበሩ ሹም ቆርጠው ነግረዋቸዋል፦ የተጣላ ሰው ጽዋ አይቀምስም፤ እስከ እሑድ ካልታረቁ ሁለቱም ከማኅበሩ ይወጣሉ። ከወጡ ደግሞ አባ ወዴት ይሄዳሉ? የቀሯቸው ቤተ ክርስቲያኑና ያ ማኅበር ናቸው።

ቅዳሜ

ስለ ቁጣ ደረስን። እኔ አልመረጥኩም። (ትንሽ መርጫለሁ።)

«የተቆጣ ሰው ብርድ ሸሽቶ የገዛ ጣራውን ያነድዳል» ብለው ሲተረጉሙ አባ ጺማቸውን ማሻሸት ጀመሩ። «መድኃኒቱም አንድ ነው፤ እርሱም...»

«ቀጥይ።»

«አለቀ፣ አባ። ሌላው ግማሽ ያለው እዚያ ሰውዬ ጋ ነው።»

አባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወደ መሪጌታ ቤት ሮጥኩ። «የቁጣ መድኃኒት እርስዎ ጋ ነው» አልኳቸው።

«ከፈለገ ይምጣ።»

አባ፦ «እሱ ይምጣ።»

መሪጌታ፦ «እግሬን አሞኛል በዪው።»

አባ፦ «እኔን ዓይኔን አሞኛል በዪው።»

ዳገቱን ስወጣ ስወርድ ዋልኩ። ስለ አህያ የሚናገር ምዕራፍ ካለ የተጻፈው ለእኔ ነው። መጨረሻ ላይ መሪጌታ በሩን ዘጉብኝ።

እሑድ

ሰው ሞላ። ጠላው ተቀዳ። ሹሙ ጽዋውን በጨርቅ እንደሸፈኑ ቁጭ አሉ። አባ በሩን በጆሯቸው ይጠብቃሉ። እኔ ደጅ እየወጣሁ ዳገቱን አያለሁ።

መሪጌታ ጥቅል በብብታቸው ይዘው ገቡ። ለአባ ሰላም አላሉም። «የት ላይ ነው የቆመው?» አሉኝ።

«መድኃኒቱም አንድ ነው፤ እርሱም...»

ጥቅሉን ፈቱ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ፤ አባ ተረጎሙት፦ ስለ ጾም። መሃል ላይ አንድ ቅጠል ብራና ጎድሏል!

አባ ብድግ አሉ። «ቅጠሏን የት አደረስካት?»

«እኔ? ስንከፍል የወሰድካት አንተ!»

«ያኔም ቀለሙን የደፋኸው አንተ ነህ!»

«ፍየሏ ናት!»

«ፍየሏን ማን ፈታት?»

የመሪጌታ ትከሻ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አባም ተከተሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ስለ አንዲት ድሮ የሞተች ፍየል እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ፍታኝ፣ ካሳ።»

«አንተ ፍታኝ። በሰው ፊት አዋረድኩህ።»

ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሹሙ ጨርቁን ከጽዋው ላይ አነሡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሪጌታን ሸኘሁ። ጥቅላቸውን ስይዝላቸው ከውስጡ ብቻዋን የታጠፈች የብራና ጫፍ ብቅ አለች፤ ቀይ ቀለም አለባት።

«መሪጌታ...»

«ዝም በዪ፣ አንቺ እሳት! ነገም መጥቼ እፈልጋታለሁ።»

ዝም አልኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ስመለስ አባ ጠየቁኝ፣ «ነገ እመጣለሁ አለሽ?»

«አዎ። ቅጠሏን ሊፈልጉ።»

«ባያገኛትም ይምጣ» አሉ።

መጽሐፉን ወደ መስቀያው ልመልስ ስል «ተዪው፣ እታች ይሁን» አሉኝ። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።