ፈጣን ሞገድ የወደዱት ፓንዴ ማዴ ሪንዲ

ፓንዴ ማዴ ሪንዲ በባሊ ደሴት፣ በክሉንግኩንግ፣ ከአባታቸው ከነሐስ አንጥረኛው ከፓንዴ ንዮማን ሱካ እና ከእናታቸው ከኒ ኬቱት ገረንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ተወለዱ። እናታቸው «ይሄ ልጅ ሆዴ ውስጥ እያለም አላስተኛኝም» ይሉ ነበር። ትምህርት ቤትም ቢገቡ የተቀመጡበትን ወንበር እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ ስላበዙ፣ መምህራቸው «በቃ፣ አባትህ ጋ ሂድ!» ብለው ሸኟቸው።

ከታላቅ ወንድማቸው ከፓንዴ ዋያን ክርታ ጋር ገንደር የተባለውን የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ መሥራትና መቃኘት ተማሩ። ገንደር ጥንድ ነው፤ የአንዱ ድምፅ በጥቂቱ ወፍሮ፣ የሌላው ቀጥኖ ይቃኛል። አብረው ሲመቱ ድምፃቸው እንደ ባሕር ሞገድ ይነሣል፣ ይወድቃል። ልዩነታቸው ሲሰፋ ሞገዱ ይፈጥናል፤ ሲጠብ ይዘገያል። ለየብቻ ከሆኑ ግን ሞገድ የለም።

በ1971 ኒ ኮማንግ ሱሪን አግብተው ሦስት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

በ1983 አባታቸው ሲያርፉ ለሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ጥንድ ገንደር ተዉላቸው። ማዴ «ሞገዱ ይፍጠን!»፣ ዋያን «ይዝገም!» ሲባባሉ ክፉኛ ተጣሉ። ዋያን «አንተማ ሞገዱንም ልታስሮጠው ነው!» ብለው ወፍራሙን ይዘው ወደ ሰሜን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ማዴ የቀራቸውን ቀጭን ገንደር ይመታሉ፣ ይፍቃሉ፣ ይነሣሉ፣ ግቢውን ይዞራሉ። ባለቤታቸው «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አዞርከን እኮ!» ቢሉም የሚሰማ አልነበረም። ወንድማቸው በጣም ናፍቀዋቸው ነበር።

ማዴ ሳንባቸው ታሞ አልጋ ሲይዙ ዋያን ገንደራቸውን በፒክአፕ ጭነው መጡ። ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ሁለቱን አብረው መቱ። ሞገዱ ልክ አባታቸው እንደተዉት ወጣ፤ አልፈጠነም፣ አልዘገየም።

ማዴ ደነገጡ። «ብሊ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ እኮ አንተ እንደምትወደው ይዝገም ብዬ የኔን ከሥሩ ፍቄ ድምፁን አወፍሬው ነበር!»

ዋያን ፊታቸውን ሸፈኑ። «እኔም አንተ ደስ እንዲልህ፣ ይፍጠን ብዬ የኔን ይበልጥ አወፈርኩት።»

ሁለቱም ገንደሮች እኩል ዝቅ ብለው ልዩነቱ እንደነበረ ቀርቷል። ማዴ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ፓንዴ ማዴ ሪንዲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 9 ቀን 2019 ከአልጋቸው ለመነሣት ሲሞክሩ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተዋል። እሳቱ ሥጋቸውን በቀላሉ ይፍታ፤ ባሕሩ አመዳቸውን በደስታ ይቀበል፤ ነፍሳቸውም፣ መቀመጥ ከቻለች፣ በአባቶቻቸው መካከል ትረፍ።

አሁን ዋያን ወፍራሙን፣ የማዴ የመጀመሪያ ልጅ ቀጭኑን ይመታሉ። ሞገዱ ጸጥ እስኪል ማንም ከቦታው እንዳይነሣ አደራ። ማዴ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው ጠብቀው አያውቁም ነበር፤ ዛሬ ግን ይጠብቃሉ።