አልፈራም ወይስ አልሄድም

ለውድ እህቴ ለዘኪያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ። እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽስ? እማማ ጉልበቷ ተሻላት ወይስ ዛሬም በከዘራ ነው የምትንቀሳቀሰው? ባልሽ ሳዲቅ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። አካሌ ሙሉ ነው፤ ልቤን ግን እንደ ደነዘዘ እግር ቁጠሪው፤ ብረግጥበትም አይሰማኝም።

ካርቱም ረግቷል ይላሉ። ሪያድ ሰፈር ሰዉ ወደየቤቱ እየተመለሰ ነው። መብራት የለም፣ ውኃ በአህያ ጋሪ ነው የሚመጣው። የምሠራበት ቤት በሩም መስኮቱም ተነቅሎ ስለተወሰደ የምተኛው ማድቤት ውስጥ ነው።

ስለ ሐቦባ ልንገርሽ። እዚህ አያትን ሐቦባ ይሏታል፤ የቤቱን ባለቤት አሮጊቷን ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራት። ታይዋን የምትባል ደሴት ተወልዳ፣ ሱዳናዊ መሐንዲስ አግብታ የመጣች ናት። እኔ ስቀጠር ዐረብኛዋ ከኔ ይበልጥ ነበር። ጦርነቱ ሊነሣ ሲል ግን ጀልጣ መታት፤ እኛ ስትሮክ የምንለው። ግራ ጎኗን ያዛት፤ ዐረብኛዋም አብሮ ጠፋ። ከአፏ የሚወጣው የእናቷ ቋንቋ፣ ታይዋንኛው ብቻ ሆነ።

ልጇ ኒዕማ የምትኖረው ፖርት ሱዳን ነው። ከእናቷ ጋር እንድግባባ በስልክ ታስተምረኝ ጀመር። ያ ቋንቋ ጉድ ነው ዘኪያ። ያው አንዱ ቃል ድምፁ ከፍ ብሎ ሲረጋ ሌላ ነገር፣ ከታች ተነሥቶ ሲወጣ ሌላ፣ ከላይ ሲወድቅ ደግሞ ሌላ ነው። ሾርባና ስኳር የሚለያዩት በዚሁ ብቻ ነው። ቃሉን ለመድኩት ስትይ ደግሞ ሌላ ቃል ሲከተለው ድምፁን ይለውጣል። እኛም «አለ» ስናጠብቀውና ስናላላው እንደሚለያይብን ለኒዕማ ነገርኳት። ሳቀች፤ እሷም ዐረብኛው ስላየለባት ብዙውን ረስታዋለች።

ጦርነቱ ሪያድ ሲገባ ኒዕማ ወደ መደኒ ከተማ የሚያወጣን ሹፌር ከጎረቤት ሰፈር ከጀሪፍ ላከች፤ ኢሳ ይባላል። መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ተኩሱ ቅርብ ነው፣ ኢሳ ያላ ያላ ይላል። ሐቦባን ላነሣት ስል በደኅና እጇ የአልጋውን ብረት ያዘችና «እም ክያ» አለችኝ። ድምፁ ከፍ ብሎ ከረጋ አልፈራም ማለት ነው፤ ከታች ተነሥቶ ከወጣ አልሄድም ማለት ነው። ከጀልጣው ወዲህ አንደበቷ ስለሚጎተት መለየት አቃተኝ። እንድትደግመው ለመንኳት፤ ደገመችው። በስልኬ ቀድቼ ለኒዕማ ብልክም ሸበካው፣ ኔትወርኩ ማለቴ ነው፣ ተቋርጦ አልደረሰም። እጇ ብረቱን አልለቅ ብሎ ነበርና አልሄድም ማለቷ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ኢሳ እኔን ብቻዬን ሊወስደኝ ጠየቀ፤ ጥያት አልሄድም አልኩት። እሱ በሰላም መደኒ ደረሰ።

እኛ እዚያው ቀረን። የታጠቁ ሰዎች እየገቡ የወደዱትን ወሰዱ፤ ሐቦባን ቻይናዊት እያሉ ይስቁባታል እንጂ አልነኳትም። ስልኬን ያተረፍኩት ዱቄት ውስጥ ቀብሬ ነው። በሁለተኛው ዓመት፣ ምስር አድቅቄ ሳጎርሳት አፏን ከደነች፤ በዚያው አረፈች። አጠብኳት። መቃብር ድረስ መውጣት ስላልተቻለ ጎረቤታችን ሙባረክ ግቢው ውስጥ ቆፍሮ ቀበራት። አላለቀስኩም።

ባለፈው ሳምንት በየግቢው የተቀበሩትን ወደ መቃብር ማዛወር ሲጀመር ኒዕማ መጣች። የቀዳሁትን አሰማኋት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማችው፤ ደግማ ሰማችው።

«አልፈራም ነው ያለችው» አለችኝ።

ስልኩን እየመለሰችልኝም «ያን ቀን ደርሶኝ ቢሆን እኔም መለየቴን እንጃ» አለች። አልተቆጣችም። እኔም ምንም አልተሰማኝ፤ የጀመርኩትን ልብስ አጥቤ ጨረስኩ።

ስለ አባባ እስካሁን አንድ ቃል አለመጻፌን አይተሽ ይሆናል። ማረፉን የነገርሽኝ መልእክት የደረሰኝ ሸበካው ሲመለስ፣ እናንተ ሰደቃውን ካወጣችሁ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አነበብኩት፣ ስልኩን አስቀመጥኩት፣ ምስር መልቀሜን ቀጠልኩ። እንዳትቀየሚኝ። ያን ቀን በኢሳ መኪና ወጥቼ ቢሆን በመተማ ገብቼ በሕይወት ሳለ እደርስበት ነበር። ይህንን አስበዋለሁ፤ ማሰቡም አያመኝም።

ሐቦባ በተዛወረች ዕለት ኒዕማ ቤቱ ውስጥ ለለቀስተኛ ምንጣፍ ዘረጋች። ሻይ ላመላልስ ብድግ ስል እጄን ይዛ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ሴቶቹ ሲገቡ መዳፋቸውን ዘርግተው ከቁርኣን ፋቲሐን እየቀሩ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አላህ ያጽናሽ ይላሉ። ማን እንደሞተብኝ የጠየቀኝ የለም። የመጀመሪያውን ለሐቦባ፣ የቀረውን ሁሉ ለአባባ ብዬ ተቀበልኩ። እንባ አልመጣልኝም፤ ግን የመጨረሻዋ ሴት እስክትወጣ ከዚያ አልተነሣሁም።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ አባባን ልቅሶ ተቀምጬ እንደሸኘሁት ንገሪያት። ለሳዲቅ ሰላምታዬ ይድረሰው። ልጆቹን ዓይን ዓይናቸውን ሳሚልኝ፤ ትንሿ እኔን የማታውቀኝም ትሳም። ኒዕማ ወረቀቴን እያስጨረሰችልኝ ነው፤ ኢንሻአላህ በገላባት አልፌ በመተማ እገባለሁ።

እህትሽ ሬሕማ
ካርቱም፣ ሪያድ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.