ከቡና ጋር የተሰጣችው ታብሌት

ውድ ሎሚ፣

የማሻ ብርድ እንዴት ይዞሻል? አክስትሽስ ደህና ናቸው? እኔ ይህን የምጽፍልሽ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ቴፒ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል፤ መብራት ስለጠፋ ክፍሉ ጨልሟል፤ የልጆቹ ፊት የሚታየው በታብሌቶቹ ብርሃን ብቻ ነው። ሁሉም በህልም ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። ከጎኔ ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው።

አንዷን ታብሌት ለሁለት የምንይዝበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ቡና ለቅመሽ በመጣሽ ቀን ጣትሽ እየተጣበቀ ስክሪኑ አልታዘዝ ይልሽ ነበር። ያኔ አንቺ ታስቢያለሽ፣ እኔ እነካለሁ። ካርታ ከፍተን ጫካውን በጣቴ ስጎትተው አረንጓዴው ማለቂያ አልነበረውም፤ ደወል ሲደወል እንኳ ከዚያ የምንወጣ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ታብሌቷን ወደ ቤት ይዘሽ የምትሄጂበት ተራ ደረሰ፤ መንገድ ላይም ዝናብ ያዘሽ። መቼም የቡና ገበሬ ልጅ ነሽና የረጠበ ነገር ምን እንደሚደረግ ማን ይነግርሻል? ቡና ማድረቂያው የሽቦ አልጋ ላይ ከቡናው ጋር አሰጣሻት። እናትሽ እንዳሉኝ በእጅሽ እያገላበጥሽ፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከር እንደ ቡናው እንዳትሰነጠቅ እየሸፈንሽ ስትጠብቂያት ዋልሽ። ቡናው ደረቀ፤ ታብሌቷ ግን አልነቃችም። አንቺም አፍረሽ ማሻ ገባሽ።

ልንገርሽ፣ ማንም አልተቆጣም። መምህር ኃይለሚካኤል ታሪኩን ሲሰሙ «ቀትር ላይ ሸፈነቻት?» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ለጥገና ወደ ሚዛን ከተማ ልከዋታል። እሷ እስክትመለስም ሆነ ባትሠራ የእነ ማቴዎስን ታብሌት ለአራት እንድንይዝ ፈቅደዋል።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እስከ ሰኞ ካልመጣሽ ስምሽ ይሰረዛል፤ ዓመቱም ያመልጥሻል። ሚኒባስ እንኳ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ትምህርት አይጠብቅም። ሎሚዬ፣ እፍረት ያልፋል። ናፍቀሽኛል። መልመጃው በእነ ማቴዎስ ታብሌት ተከፍቶ ፊቴ ተቀምጧል፤ እኔ ግን ጣቴን አንስቼ አንቺን እጠብቃለሁ።

እስከ ሰኞ ያስፈቀድኩልሽ አሟታል ብዬ ነው። መምህር እውነት መስሏቸው «እግዜር ይማራት» አሉ፤ እኔም ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ስለዚህ እሑድ በመጀመሪያው መኪና ነይ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ግቢና «ተሻለኝ» በይልኝ።

ከጎንሽ የምቀመጠው፣
መክሊት